ካሜራ ይዞ አራዳን መዞር

አንድን ከተማ እናውቀዋለን የምንል ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የምናውቀው መንገዱን ብቻ ነው። ከቤታችን ወደ ሥራችን፣ ከሥራችን ወደ ገበያ፣ በሰንበትም ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደውን መንገድ እግራችን ለምዶታልና ዐይናችን ሥራ ፈትቶ ይሄዳል። በዳዊት 47ኛው መዝሙር ሕዝቡ ጽዮንን ዞሮ ግንቧን እንዲመለከትና ለሚመጣው ትውልድ እንዲነግር መታዘዙ፣ በከተማ መኖርና ከተማን ማየት ልዩ ልዩ ነገሮች ስለ ሆኑ ይመስለናል። ነህምያም የኢየሩሳሌምን ቅጥር ለማደስ ሕዝቡን ከመጥራቱ በፊት ጥቂት ሰዎች አስከትሎ በሌሊት ወጣ፤ ያሰበውንም ለማንም ሳይነግር ከበር ወደ በር እየዞረ የፈረሰውን በዐይኑ ተመለከተ።

በዚህ ጽሑፍ ለአንባብያን ልናስረዳ የፈለግነው እንዲህ ያለውን አዟዟር ነው። ከአጥቢያችን የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ጋር ሆነን፣ የሚበልጡት በእጅ ስልካቸው፣ አንዱ ደግሞ ከአባቱ በወረሰው ባለ ፊልም ካሜራ፣ በአዲስ አበባ በአራዳ ዙሪያ ያሉትን ሰፈሮች እየዞርን ፎቶግራፍ ማንሣት የጀመርነው በ2016 ዓ.ም. ክረምቱ እንደ ወጣ ነው። በወር አንድ ቅዳሜ እንወጣለን። ስለ ካሜራ ብልኀት ለማስተማር አንሞክርም፤ ያን የሚያውቁ ባለሙያዎች በከተማው ሞልተዋል። የእኛ ጉዳይ ሰፈር ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር በመሐንዲስ ገመድ ተለክታ የተከፋፈለች ከተማ አልነበረችም። መኳንንቱ በየተሰጣቸው ጉብታ ላይ ድንኳናቸውን ተከሉ፤ ሎሌውና ወታደሩም በጌታው ዙሪያ ሰፈረ፤ «ሰፈር» የሚለውም ስም የወጣው ከዚሁ መስፈር ነው። ከዚህም የተነሣ እስከ ዛሬ ድረስ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ እየተባለ የመኳንንቱ ስም በታክሲ ረዳት አፍ ሲጠራ ይውላል። ሌላው ሰፈር በሥራው ተጠራ፤ ሠራተኛ ሰፈር የቤተ መንግሥቱ የእጅ ባለሙያዎች የሰፈሩበት ነው። ሌላው ደግሞ በደረሰበት ነገር ተጠራ፤ ሰርኪስ ተርዚያን የተባለ አርመናዊ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ያስመጣው የእንፋሎት ባቡር ተበላሽቶ የቀረበት ቦታ ሰባራ ባቡር ተባለ። ስለ እሪ በከንቱና ስለ ዶሮ ማነቂያ ግን ሦስት ሽማግሌ ብትጠይቁ አራት ታሪክ ትሰማላችሁ።

የከተማይቱ ታላቅ ገበያ በጥንት ጊዜ የሚቆመው በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበረ። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በያዘ ጊዜ የአገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ አርቆ መርካቶ አለው፤ አራዳንም በቋንቋው ፒያሳ አለው። ሰያሚው ሄዶ ስሙ ቀረ። ባለ ስምንት ማዕዘኑ የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል የዐድዋ ድል መታሰቢያ እንደ ሆነ፣ ታቦቱም በ1888 ዓ.ም. አብሮ መዝመቱን የማያውቅ የአራዳ ልጅ የለም። ጠላት በ1929 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኑን አቃጥሎ፣ የዐፄ ምኒልክንም ሐውልት ከአደባባዩ ነቅሎ ቀብሮት ነበር፤ ከነጻነት በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ታደሰ፣ ሐውልቱም ተመልሶ ቆመ። ወረድ ሲሉ በጥር ወር 2007 ዓ.ም. እሳት የጎዳው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ይገኛል። እነዚህን ሁሉ እንግዳው ሁሉ ያነሣቸዋል፤ በየመጽሐፉም ታትመዋል። ፎቶግራፍ የሌለው ከእነርሱ ኋላ ያለው፣ ሰው የሚኖርበት ሰፈር ነው።

ይህም የሆነው በአራዳ ፎቶግራፍ አንሺ ጠፍቶ አይደለም። ቤድሮስ ቦያጂያን የተባለው አርመናዊ በቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺነት አገልግሏል፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም የአባታቸውን ሙያ ተከትለው ነገሥታቱንና መኳንንቱን ሲያነሡ ኖረዋል። ከዚያም በኋላ ፎቶ ቤቶች በዙ፤ ተራው ሰውም በዓል ሲሆን፣ ልጅ ክርስትና ሲነሣ፣ ተማሪ ሲመረቅ ልብሱን ለብሶ መሄድ ልማዱ ሆነ። ነገር ግን ፎቶ ቤት የገባ ሰው የሚቆመው ፏፏቴና አበባ በተሣለበት መጋረጃ ፊት ነው። ከቤቱ የወጣው ቤቱን ትቶ ለመነሣት ነበረና፣ የሰፈሩ ጭቃና የቆርቆሮ አጥሩ በፎቶግራፉ እንዲታይበት አይፈልግም። እኛም በዚህ አንፈርድበትም። ግን በዚህ ምክንያት አያሌ የሰፈር ሰዎች ፎቶግራፍ እያላቸው ሰፈራቸው ፎቶግራፍ ሳይኖረው ቀረ።

በ2016 ዓ.ም. የካቲት 3 ቀን የዐድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም በፒያሳ ተመረቀ። በዚያው ወርና በመጋቢት የኮሪደር ልማት በተባለው ሥራ ምክንያት ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱና በአካባቢው ያሉ አያሌ ቤቶች ፈረሱ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ከተማው ዳርቻ ወደ ተሠሩ ቤቶች ሄዱ። ዛሬ በስፍራው ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ መብራትና የተተከለ ሣር ይታያል። የፈረሰው ሁሉ መልካም ነበረ ብለን ለማልቀስ አንፈልግም። አንድ መጸዳጃ ለብዙ አባወራ የሚያገለግልበት ግቢ፣ በሐምሌ ሌሊት የወንዙን ድምፅ እያዳመጠች ልጆቿን አቅፋ የምታነጋ እናት፣ ጣራው እንደ ወንፊት የሆነ የቀበሌ ቤት፣ እነዚህ በእርግጥ ነበሩ። አዲሱን ቤት አግኝተው ውኃ በቧንቧ ከወጥ ቤታቸው ሲወርድ እግዚአብሔርን ያመሰገኑም አሉ። ይሁን እንጂ አርባና ሃምሳ ዓመት በአንድ አጥር የኖሩ ጎረቤታሞች ተለያይተዋል፤ ዕድሩም፣ የጽዋ ማኅበሩም ከሰዎቹ ጋር ተበትኗል።

በአገራችን ሰው ሲሞት ቤተ ዘመድ የሟቹን ፎቶግራፍ ይፈልጋል። ከአልበም ትንሿን አውጥቶ ትልቅ አድርጎ ያሳጥባል፤ በመስተዋት አስገብቶ በለቅሶው መካከል በደረቱ ይዞት ይቆማል። በሕይወቱ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ ቁም ላንሣህ ያላለው ሰው ያን ዕለት ፎቶግራፍ የለውም ወይ እያለ ቤቱን ሁሉ ያምሳል። በዚያ መጋቢት ያየነው ይህንኑ ነበረ። ከሰፈሩ የሚወጡ ሰዎች ዕቃቸውን በጭነት መኪና ላይ ካሰሩ በኋላ፣ ቤቱ የሚታይበት ፎቶግራፍ አለን ወይ እያሉ እርስ በርሳቸው ይጠያየቁ ጀመር። በአሜሪካ የሚኖር አንድ የሰፈሩ ልጅም እናቱ ቡና እያፈሉ የሚቀመጡበትን ደጃፍ አንሥታችሁ ላኩልኝ ብሎ ቢጽፍ፣ ደብዳቤው የደረሰው ደጃፉ ከሌለ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው በየቤቱ ያለውን አልበም ለማየት የተነሣነው። ቀድሞም ሌሎች ሰዎች ከየቤተ ሰቡ የድሮ ፎቶግራፎችን ሰብስበው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም መጽሐፍ ማሳተማቸው መልካም ምሳሌ ሆኖናል። የእኛ ልጆች የሚፈልጉት ግን በፎቶግራፉ ፊት ያለውን ሰው ሳይሆን ከኋላው ያለውን ነገር ነው። ሰፈሩ የተገኘውም እዚያ ነው። ሙሽራዋ ሚዜዎቿን አስከትላ ስትወጣ ከትከሻዋ ኋላ የጎረቤት ወጥ ቤትና የጭሱ መውጫ ይታያል። ሕፃኑ የክርስትና ልብሱን ለብሶ ሲታቀፍ በስተቀኝ የቦኖው ውኃና ጀሪካን ተሸክመው ተራ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። በዕድር ድንኳን ፊት የተነሡ ሽማግሌዎች ከራሳቸው በላይ የሱቁን ሰሌዳ ግማሽ አስቀርተውልናል። ማንም እነዚህን ነገሮች ላንሣ ብሎ አላነሣቸውም፤ ከሠርጉና ከክርስትናው ጋር ሳይጠሩ ገብተው ተገኙ።

ልጆቹ እነዚህን ፎቶግራፎች በእጅ ስልክ እየገለበጡ፣ ዋናውን ለባለቤቱ በዕለቱ እየመለሱ፣ የተገለበጠውን አሳጥበው በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ በረጅም ጠረጴዛ ላይ ደረደሩ። የአንዱ ቤት ሠርግ ግራ ጎን የሌላው ቤት ምረቃ ቀኝ ጎን ሆኖ ሲገኝ ሁለቱን ያጋጥማሉ፤ ሰማያዊው የቆርቆሮ በር በሁለቱም ይታያልና። በዚህ ዐይነት የአንድ ቅያስ አንድ ወገን ከላይ እስከ ታች ተገጣጥሟል፤ በመካከሉ ግን እንደ ወለቀ ጥርስ ባዶ የሆኑ ሦስት ቦታዎች አሉ። እነዚያ ሦስት ቤቶች አልበም የሌላቸው ቤቶች ናቸው። የደኸየ ሰው በዚህም ወገን እንደሚጎዳ ያን ጊዜ ተረዳን፤ ጠረጴዛውንም የሚያይ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ እነዚያ ክፍት ቦታዎች ነው።

ስለዚህ ገና በቆሙት ሰፈሮች ስንዞር ልጆቹ አስቀድመው የሚሄዱት አልበም ወደሌላቸው ቤቶች ነው። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው ብልኀት ከካሜራው ይልቅ አንደበት ነው። ባንድ ቅዳሜ አንዲት እናት በደጃፋቸው ተቀምጠው በርበሬ ሲቀነጥሱ፣ ከልጆቹ አንዲቱ ሳትጠይቅ ስልኳን አነሣች። እናት ቀና ብለው፣

«አንቺ ልጅ፣ ምኑን ነው የምታነሺው? ድህነቴን ነው?» አሏት።

ልጅቱ ደንግጣ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ» አለች።

«ይቅር ይበልሽ። እኔ ሳልዘጋጅ ማን አንሺ አለሽ? በመጀመሪያ ቤት ለእንግዳ በሉኝ። ግቡና ቡና ጠጡ፤ ነጠላዬን ልቀይርና ያን ጊዜ ታነሺኛለሽ።»

ገባን፤ ቡናውም ሦስተኛው ደረሰ። እማማ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ከግድግዳው የባለቤታቸውን በወታደር ልብስ የተነሣ ፎቶግራፍ አውርደው በጕልበታቸው ላይ አቆሙና፣ «እሱንም ከእኔ ጋር አንሺው፤ ብቻዬን አልኖርኩም» አሉ። ልጅቱ በመንገድ ላይ ልታነሣው የነበረው የበርበሬ ሰፌድና የተቀደደ ሸማ ነበረ። እማማ እንዲነሣ የፈለጉት ግን ትዳራቸው ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ነገር ግን የትኛው እንደሚቀድም ለመወሰን መብቱ የባለቤቱ ይመስለናል።

በወሩ ፎቶግራፉን አሳጥበን ስንወስድላቸው ያላሰብነውን ነገር አገኘን። እማማ መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ ሲያዩት ቆዩና፣ በተከፈተው በር በኩል ወደሚታየው የጎረቤት አጥር ጣታቸውን ዘረጉ። ያ ቤት አስቀድሞ የማን እንደ ነበረ፣ ከእርሱም በኋላ ማን እንደ ገባበት፣ ቀይ ሽብር በነገሠ ጊዜ ከዚያ ቤት የወጣው ልጅ እንዳልተመለሰ፣ እናቱም እስኪሞቱ ድረስ ማታ ማታ በሩን ሳይቀረቅሩ ያድሩ እንደ ነበረ ተረኩልን። ቡናውን በጠጣንበት ቀን ይህን ሁሉ አልነገሩንም። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ የወሰዱትን ሳይመልሱ ሌላ እንዳያነሡ ወስነናል። ፎቶግራፍ አንሥቶ የሚሄድ ሰው ብዙ ነው፤ ይዞ የሚመለስ ግን እንግዳ ነገር ሆኖ ይታያል፤ ሰዎቹም ለእርሱ ሌላ በር ይከፍቱለታል።

አዟዟራችን ሌላም ደንብ አለው። ለእያንዳንዱ ልጅ በአንድ ቅዳሜ የሚፈቀደው 12 ፎቶግራፍ ነው። ባለ ፊልሙ ካሜራ በአንድ ጥቅል 36 ስለሚያነሣ ጌታው ሦስት ቅዳሜ ይጓዝበታል፤ ስልክ የያዙት ግን እንደ ዝናብ ማውረድ ለምደው ነበርና በመጀመሪያ አጕረመረሙ። አሁን አንዱን ከማንሣታቸው በፊት ቆመው ያስባሉ። የምንወጣው ጠዋት ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ነው፤ በቀትር ፀሐይ ከአናት በላይ ስትሆን የሰው ዐይን በጥላ ውስጥ ይሰወራልና። ከሰበካ ጉባኤውም የተጻፈ ደብዳቤ እንይዛለን። በከተማችን ካሜራ የያዘ ሰው በዘበኛ መጠየቁ የተለመደ ነው፤ አንድ ጊዜም አንድ ዘበኛ የሚጠብቀው ሕንፃ በማይታይበት መንገድ ላይ አስቁሞን ነበር። ደብዳቤውን ካነበበ በኋላ ግን ካርታ እንደሚያውቅ መኰንን ሆኖ የሰፈሩን መተላለፊያ ሁሉ አሳየን፤ እርሱም የዚያው ልጅ ኖሯል።

በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያለ አስተዳዳሪው ፈቃድ አናነሣም፤ በቅዳሴ ጊዜም ጭራሽ አይሆንም። በዚህ ላይ አንድ ነገር ብንጨምር አንባብያን አይቀየሙን። በጥምቀት ዕለት ታቦት ሲያልፍ ክንዱን ወደ ላይ ዘርግቶ በስልኩ መስተዋት የሚመለከት ምእመን እየበዛ ሄዷል። አባቱ በዚያ ሰዓት በግንባሩ ይወድቅ ነበር። ፎቶግራፍን የምንወድ ሰዎች መሆናችንን ከዚህ ጽሑፍ ተረድታችኋል፤ እንዲያም ሆኖ ሊነሣ የማይገባው ጊዜ መኖሩን ልጆቻችን ከእኛ ካልተማሩት ከስልኩ አይማሩትም።

በየቤታችሁ ያለውን አልበም በሚመለከት የምንለምናችሁ ነገር ትንሽ ነው። ከአንድ በዓል በኋላ ቤተ ሰቡ ተሰብስቦ ሳለ ፎቶግራፎቹን አውጡና አያት እየነገሩ ልጅ በእርሳስ በጀርባው ይጻፍ፤ ማን እንደ ሆነ፣ ቀኑን በዓመተ ምሕረት፣ ከኋላ የሚታየው ቤት የማን እንደ ነበረና ያ ቦታ በሰፈሩ ሰው አፍ ምን እየተባለ ይጠራ እንደ ነበረ። ብዕር ወረቀቱን አልፎ ፊቱን ሊያበላሽ ይችላልና እርሳሱ ለስላሳ ይሁን። በስልክ ያለውን ደግሞ ከመካከሉ ጥቂቱን መርጣችሁ አሳጥቡ። ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል፤ በአዲስ ስልክ ሲለወጥም የድሮው ከነፎቶግራፉ በመሳቢያ ውስጥ ይረሳል።

ወርኀዊው የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል በ23 ቀን ሲውል ከሰፈሩ ርቀው የሄዱት ብዙዎቹ ሁለትና ሦስት ታክሲ ቀይረው ወደ አራዳ ይመጣሉ። ከቅዳሴ በኋላ አንዳንዶቹ ወደ አዳራሻችን ጎራ ብለው ጠረጴዛውን ይከቡታል። ባለፈው ጊዜ ከባዶዎቹ ሦስት ቦታዎች አንዱ ተሞላ፤ አንድ ሰው ከኪስ ቦርሳቸው የተጣጠፈች ፎቶግራፍ አውጥተው ሰጡን፤ በእርሷም ላይ ከልጃቸው ብስክሌት ኋላ የዚያ ቤት መስኮት ይታያል። ሌላዋ ፎቶግራፍ ግን እስካሁን ቦታ አላገኘችም። በላይዋ ላይ አንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ ብቻውን ቆሞ፣ ከሥሩ ሁለት ልጆች ጠጠር ሲጫወቱ ይታያል። ጋሽ እየተባሉ የሚጠሩት አንደኛው ሽማግሌ ዛፉ ከቦኖው በላይ ነበረ ይላሉ። ከእርሳቸው ጋር በአንድ ግቢ ያደጉት እትዬ ደግሞ፣ «የለም፣ ከታች፣ ከድልድዩ መውረጃ ላይ ነው፤ እኔ ልብስ አሰጣበት አልነበረም?» ብለው ይከራከሯቸዋል። ክርክሩ እስከ 9 ሰዓት ቆየ፤ ታክሲ ሳይጠፋ ለመሄድ ሲነሡም ሁለቱም በየበኩላቸው ለሚመጣው 23 ምስክር ይዘው እንደሚመጡ ነገሩን። ፎቶግራፊቱን እስከዚያ ድረስ ከጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀምጠናታል።